ሸራዬ ብቻውን የተመለሰ ዕለት

ይህን ታሪክ ለወገን ሳወራ ከመሃል የሚያቋርጠኝ ሰው አይጠፋም። «ቆይ ቆይ፣ አንተ እውነት ውሃ ላይ ቆመህ ትሄዳለህ?» ይለኛል። አዎ፣ እሄዳለሁ። ስለዚህ እሱን አስቀድሜ ላስረዳና ወደ ነገሬ ልግባ።

ስሜ ብርሃኑ ይባላል። ሙያዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአንድ ግሮሰሪ ትልቅ ፍሪጅ ሥጋ እንደያዘ መሞቅ ሲጀምር ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሳድግ ዋና የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የተማርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ ሰሞን፣ በሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ከጎኔ የሚቆመው የክፍል ጓደኛዬ የፊት ጥርሱ ገና አልበቀለለትም ነበር። እሱ ከእኔ ቀድሞ ጨረሰ።

ያን ጊዜ አፓርታማ የምንጋራው ከሳምሶን ጋር ነበር። ሳምሶን ሊሞ፣ ማለትም በኪራይ የሚሄድ የቅንጦት መኪና፣ ይነዳል። አንድ ቀን ደንበኞቹን በባሕር ጠረፍ ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ወስዶ፣ ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ሰዎችን አይቶ መጣ። በሳምንቱ ሁለታችንም እዚያ ነበርን። የተከራየነው መንሸራተቻ ቦርድ በር የሚያህል፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ሰመር ከውሃው በላይ ከነበርኩበት ጊዜ በታች የነበርኩበት ይበልጣል። ትንሽ መቆም ስንጀምር ደግሞ ልባችን አበጠና አጫጭርና ቀጫጭን ቦርድ ከሰው ላይ ገዛን። ሰመጡብን። አፍረን ወደ ረጅሞቹ ተመለስን። እንዲህ እያልን የትኛው ቦርድ በየትኛው ማዕበል እንደሚሠራ ቀስ በቀስ ገባን።

ትዳር ይዤ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ስፕሪንግፊልድ ከተዛወርኩ በኋላ ኦሽን ሲቲ እየራቀኝ መጣ። አንድ ቀን ታዲያ አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ከሚገኝ ሬስቶራንት ፍሪጅ ሠርቼ ስወጣ፣ አንድ ሰውዬ ፖቶማክ ላይ ሲበር አየሁ። በረረ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ቦርዱ ውሃውን አይነካም። ከቦርዱ ሥር የሰው እግር የሚያህል ቀጭን ዘንግ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ የትንሽ አውሮፕላን የመሰለ ክንፍ አለ። ሰውዬው ቦርዱ ላይ የተተከለ ሸራ ይዟል። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋው ክንፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቦርዱን ከነሰውየው ወደ ላይ ያነሳዋል። ፎይል ይባላል። ድምፅ የለውም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለትዕግስት «ዛሬ አንድ ነገር አየሁ» ስላት፣ «የት ልታስቀምጠው ነው?» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ጋራዡ ሞላ። በጥገና ሙያ ሁላችንም የምንይዘው አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ጊዜ የምትቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ከቀየርክ ፍሪጁ ቢሠራም ቢበላሽም የቱ እንዳደረገው አታውቅም። ፎይሉንም የምሞክረው እንደዚያ ነበር። አንድ እሑድ ትልቁን ክንፍ፣ ሌላ እሑድ ትንሹን። አንድ እሑድ ዘንጉን ወደ ፊት፣ ሌላ እሑድ ወደ ኋላ። ትዕግስት አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እሑድ ዕረፍቷ ነው። ስመለስ «ዛሬስ ምን ተገኘ?» ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ፣ እሷም ሳትሰማ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2017 መገባደጃ፣ ቅዝቃዜው በጀመረበት አንድ እሑድ ነው። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ያለው አባቴ ታሞ ነበር። ስደውል እህቴ ታነሳና «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ። አገር ቤት የታመመ ዘመድ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ የተባለ ደህና እንዴት እንደሚያሳስብ ያውቃል።

ከቅዳሴ መልስ ትዕግስትን ቤት አድርሼ፣ ቫኔን ይዤ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሳምሶን ጠዋት ኮል አድርጎልኝ ሥራ ስላለበት እንደማይመጣ ነግሮኝ ነበር። ነፋሱ ከኋላዬ፣ ከቨርጂኒያ ወንዙ ማዶ ወዳለው ሜሪላንድ ይነፍሳል። ጥሩ ነፋስ ነበር። ያን ዕለት አዲስ ቦርድ ይዣለሁ፣ ትንሽ ናት። እየሄደች ካልሆነ ሰው አትሸከምም፤ እንደ ብስክሌት በሏት፣ ስትቆም ትወድቃለች። በዚያ ላይ አዲስ ቀጭን ክንፍ ገጠምኩላት። ሕጌን ጣስኩ ማለት ነው፣ ሁለት ነገር በአንድ ቀን። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ሁለት እሑድ የማገኝ አልመሰለኝም።

ዌትሱቴን ለበስኩ። ዌትሱት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያጣብቅ ጥቁር የጎማ ልብስ ነው። ከላይ ላይፍ ጃኬት አጠለቅኩ። የቫኑን ቁልፍ ውሃ በማያስገባ ትንሽ ቀይ ከረጢት አድርጌ እንደ ልማዴ የሸራው እጀታ ላይ አሰርኩት፤ ወገቤ ላይ ሲሆን ይቆረቁረኛል። ስልኬን ቫኑ ውስጥ ተውኩና ገባሁ።

ቦርዷ ተነሳች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያን ዕለት እንደበረርኩት በርሬ አላውቅም። ክንፉ ቀጭን ስለሆነ ውሃውን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። አንዴ ወደ ሜሪላንድ ሄጄ ተመለስኩ፣ ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ የወንዙ መሃል አካባቢ ስደርስ ከሥር የሆነ ነገር ያዘኝ። ቦርዷ ቀጥ ብላ ቀረች፣ እኔ ግን ቀጠልኩ። ከሸራው አልፌ በጭንቅላቴ ወረድኩ።

ስወጣ ከጎኔ አንድ ጥቁር ግንድ ቀስ ብሎ እየተገላበጠ ያልፋል። ዝናብ ከላይ ያመጣው ግንድ ነው። ቦርዷን ገልብጬ ሳያት ዘንጉ ከሥሩ ተገንጥሏል። ክንፉም ዘንጉም ታች ወንዙ ወለል ላይ ቀርተዋል። የገረመኝን ያህል አልደነገጥኩም፤ የመጀመሪያ ሐሳቤ ሌላ ክንፍ ለማግኘት ምን ያህል እንደምጠብቅ ነበር።

ድንጋጤው የመጣው ልቆምባት ስሞክር ነው። ቦርዷ ሰመጠች። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና እስከ ደረቴ ወረድኩ። የድሮው ትልቁ ቦርድ ቢሆን ኖሮ ሸራውን አንስቼ ቀስ እያልኩ ቤቴ እገባ ነበር። ይቺ ግን ያለ ክንፍ እኔን ከነሸራው የምትችል አልሆነችም። በሆዴ ተኛሁባትና ሸራውን እየጎተትኩ በእጄ ወደ ቨርጂኒያ መቅዘፍ ጀመርኩ።

የባሕሩ መውጣትና መውረድ ፖቶማክን እዚያ ድረስ ይነካዋል፤ ውሃው በቀን የተወሰነ ሰዓት ይወጣል፣ የተወሰነ ሰዓት ይወርዳል። እኔ በወደቅሁበት ሰዓት እየወረደ ነበር። ነፋሱ ወደ ሜሪላንድ፣ ውሃው ወደ ባሕር። ዓይኔን ዳር ላይ ያለ አንድ ነጭ ሕንፃ ላይ ተክዬ ብቀዝፍ ብቀዝፍ፣ ሕንፃው ወደ ቀኝ እየሸሸ እያነሰ ሄደ። አንድ የሞተር ጀልባ ከሩቅ አለፈ። እጄን አወዛወዝኩ። እዚያ ያለው ሰው አንድ ጥቁር ነጥብ ቢያይ ዳክዬ ነው የሚለው። አለፈ።

ጣቶቼ መታዘዝ ሲያቆሙ ፈራሁ። እጄን ጨብጥ ስለው አይጨብጥም። ሚካኤልን ጠራሁ። ከዚያ በአፌ ጮክ ብዬ «እሺ ብርሃኑ፣ አሁን ምን ቀረ?» አልኩ። ሥራ ላይ ሲጨንቀኝ የምለው ነው። የቀረው ሸራው ነበር። እሱ ነው ወደ ኋላ የሚይዘኝ። ከቦርዷ ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ በጥርሴም በመዳፌም ታግዬ ፈታሁትና ለቀቅሁት። ሸራው ቀስ ብሎ ራቀ። እጄን ዘርግቼ የማልደርስበት ቦታ ሲደርስ፣ እጀታው ላይ ቀይዋ ከረጢት ስትዋኝ አየኋት። ቁልፌ።

ልከተላት አልኩና ተውኩት። ወደ ቤቴ መቅዘፍም ያን ጊዜ አቆምኩ። ነፋሱ የሚወስደኝ ወደ ሜሪላንድ ከሆነ ወደ ሜሪላንድ ልሂድ ብዬ ቦርዷን አዞርኩ። ከኋላዬ ሲገፋኝ ይታወቀኛል። ምን ያህል እንደቀዘፍኩ አላውቅም። ትዝ የሚለኝ ትዕግስት ለምሳ ቆይቼ እንደሆነ እያሰበች ወጡን ደጋግማ ስታሞቅ በዓይኔ መምጣቷ ነው። ከዚያ ጉልበቴ ጭቃ ነካ። ለመነሳት ብሞክር እግሬ እምቢ አለኝ፣ በአራት እግሬ ሣር ላይ ወጣሁ።

«ከየት መጣህ?» አለኝ ከላይ አንድ ድምፅ።

አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል።

«ከቨርጂኒያ» አልኩት።

«በዚህ?» አለ ቦርዷን እያየ።

ሚስተር ዋልተር ይባላል። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ካፖርቱን አውልቆ ደረበልኝና ፒክአፑ ውስጥ አስገብቶ ማሞቂያውን ከፈተው። ጥርሴ መንቀጥቀጡን ሲተው ስልኩን ሰጠኝ። «ለሚስትህ ደውል።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። የትዕግስትን ቁጥር አላውቀውም። ስልኬ ውስጥ «ቲጂ» ተብላ ነው ያለችው፤ ቲጂን እጫናለሁ እንጂ ቁጥሯን ነክቼ አላውቅም። የሳምሶንንም አላውቅም። የማንንም አላውቅም። በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር፣ አዲስ አበባ የአባቴ ቤት ስልክ። ትንሽ ልጅ ሆኜ አባቴ ነው ያስጠናኝ። «ከጠፋህ ይህን ለፖሊስ ትነግራለህ» ብሎ በየማታው ያስደግመኝ ነበር። ይኸው አሁን ጠፍቻለሁ፣ ቁጥሩም አልጠፋኝም። ግን አገር ቤት መሽቷል፣ ሰውዬው ታሟል። በማላውቀው ሰው ስልክ ደውዬ «ውሃ ሊወስደኝ ነበር» ልለው አልችልም።

«አላስታውሰውም» አልኩት ሚስተር ዋልተርን።

«እኔም የሚስቴን አላውቅም» አለ። «የት ነው ቤትህ?»

ተጨማሪ ቁልፍ ያለው ቤት ስለሆነ ስፕሪንግፊልድ አልኩት። መንገዱ አልነበረም፣ ግን ቦርዷን ከኋላ ጭኖ ነዳ። ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ያዘን። እኔ ግድ አልነበረኝም፤ ሳምሶን ሥራ ላይ ነው፣ ትዕግስት ቢበዛ ትቆጣኛለች፣ ሌላ የሚፈልገኝ የለም ብዬ ነበር የማስበው።

ወደ ቤቴ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። መጀመሪያ ያየሁት የጋሽ ገበየሁን ነጭ መኪና ነው። ጋሽ ገበየሁ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። መኪናው ቤታችን ፊት ለፊት ሳይሆን ጥጉ ላይ፣ ከእኛ መስኮት ይከልለናል ብለው ባሰቡት ዛፍ ሥር ቆሟል። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ኋላ ሌላ። ሁሉም ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል።

«አቁምልኝ» አልኩት ሚስተር ዋልተርን።

አቆመ። «ድግስ አላችሁ?»

«አባቴ ሞቷል።»

ዞሮ አየኝ። «አሁን ማን ነገረህ?»

«እኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ተሰብስበው መጥተው ነው የሚነግሩህ። መርዶ እንለዋለን። እነዚያ መኪና ውስጥ ያሉት እኔን ሊያረዱ የመጡ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

«ሁሉም ሳይሟላ አይገባም። ቄሱን እየጠበቁ ይሆናል።»

ሚስተር ዋልተር መኪኖቹን ተመለከተ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና አብሮኝ ተቀመጠ። እኔም እዚያው፣ በሰው ካፖርት፣ የዓሣ ባልዲ እግሬ ሥር እንዳለ አለቀስኩ። አባቴ ያስጠናኝን ቁጥር አሰብኩ። ከወንዙ ዳር ደውዬለት ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ሚስተር ዋልተር ስልኩን እንደገና ዘረጋልኝ። «የምታስታውሰው ቁጥር የለም?» አለኝ። አለ አላልኩትም። ደውዬ አባቴ ባያነሳውስ?

ከዚያ በሩን ከፈትኩ። እነሱ እስኪመጡብኝ ከምጠብቅ እኔው ሄጄ ልስማው አልኩ። ካፖርቱን መለስኩለት፣ በባዶ እግሬ ሄድኩና የጋሽ ገበየሁን መስኮት አንኳኳሁ።

ጋሽ ገበየሁ ዞሩ። ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጥቁር ጎማ ለብሼ፣ ፀጉሬ ላይ ጭቃ ደርቆ፣ ዓይኔ በለቅሶ ቀልቶ ነው ያዩኝ። አማተቡ። ከዚያ የመኪናው በሮች በሙሉ ቀጭ ብለው ተቆለፉ። ከኋላ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ዝቅ ባለ ድምፅ «በስመ አብ» ሲሉ በመስታወቱ ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ አውቄዋለሁ፣ አይጨነቁ» አልኳቸው። «ይንገሩኝ።»

መስኮቱን አንድ ጣት ያህል አወረዱ። «ማን ነህ?»

«ብርሃኑ ነኝ።»

«ብርሃኑ ውሃ ላይ ቀርቷል» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

«የቱ ብርሃኑ?»

«የትዕግስት ባል።»

«እኔ ነኝ እኮ የትዕግስት ባል። ማን ነው የሞተው? አባቴ አይደለም?»

«አባትህ ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ገበየሁ።

ከኋላ የመኪኖቹ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰዎች ወጥተው በሩቁ ቆሙ። ማንም ሊጠጋኝ አልደፈረም። እትዬ አስካለ ናቸው መጀመሪያ የመጡት። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ነኩና «ይሞቃል» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የፈነዳው።

የቤታችን በር ተከፈተ። ትዕግስት ብቅ አለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ጉትቻዋን አውልቃለች። ሕዝቡን አላየችም፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«መጣህ? አንተን ነው ሲጠብቁ የቆዩት» አለችኝ። «እናቴ ናት አይደል?»

በኩሽናው መስኮት አይታቸው ኖሯል። ዛፉ አልከለላቸውም። ጎንደር ያለችው እናቷ ሞታ ሊያረዷት እንደመጡና ባሏ እስኪመጣ እንደሚጠብቁ ገምታ፣ እንግዶቹ እንዳይቸገሩ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍታ፣ ወንበር ደርድራ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ብቻዋን ተቀምጣ መርዶዋን ስትጠብቅ ነበር።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አሉ ጋሽ ገበየሁ። «ሁሉም ሰው ደህና ነው። ማንም አልሞተም።»

ሁሉም ገባ። ሚስተር ዋልተርንም አስገባነው። የተደረደረው ወንበር አልበቃም። ታሪኩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የሳምሶን ሥራ ካንስል ሆኖበት፣ ሰርፕራይዝ ላድርገው ብሎ ወንዙ ዳር መጥቶ ኖሯል። ቫኔን አገኘ፣ እኔን አጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጀልባ ሸራዬን እየጎተተ መጣ። እጀታው ላይ ቁልፌ ታስሯል። ሳምሶን ፖሊስ ጠራ፣ ጀልባዎች ለፍለጋ ወጡ። ለቤተሰብ ማን ይነግራል ሲባል «እኔ አለሁ» አለ። ግን ለትዕግስት በስልክ እንዴት ይንገራት? ለጋሽ ገበየሁ ደወለ። «ብርሃኑ ውሃ ላይ ጠፍቷል፣ እየፈለጉት ነው» አላቸው። ጋሽ ገበየሁ ለእትዬ አስካለ «ብርሃኑን ውሃ ወሰደው» አሉ። ወሬው ሜሪላንድ ውስጥ ጀርመንታውን ሲደርስ ቀብሩ እዚህ ይሁን ወይስ አስከሬኑ አገር ቤት ይላክ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። የነፍስ አባታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጡ ትራፊክ ባይዛቸው ኖሮ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ትዕግስት መርዶዬን ተረድታ ነበር።

ለሳምሶን ተደወለለት። ገና ወንዙ ዳር ነው፣ ከፖሊሶቹ ጋር። ድምፄን ሲሰማ ስሜን ደጋግሞ ጠራ። ከዚያ «ቁልፉን ሳይ በቃ አልኩ» አለኝ።

ሁሉም ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል። ለለቅሶ ቤት የመጣው ምግብ ተከፍቶ ይበላል። ሳትስቅም ሳታለቅስም የቆመችው ትዕግስት ብቻ ነበረች።

«ስንት ሰዓት ነው ሸራው የመጣው?» ብላ ጠየቀች።

ነገሯት።

«ከዚያ ጀምሮ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «ጀርመንታውን ያለው ሰው ያውቃል። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር።»

ጋሽ ገበየሁ «ልጄ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው» አሏት።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻቸው። «ግን ገና እየፈለጉት ነበር። ብትነግሩኝ እኔም ሄጄ እፈልገው ነበር።»

ሚስተር ዋልተር ምን እንዳለች ሹክ ብሎ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። እሱም አንገቱን ደፋ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባቴ ቤት ደወልኩ። አገር ቤት ነግቷል። ራሱ አነሳው። «ምነው በጠዋቱ? ሰላም ነው?» አለኝ። ድምፁ ደክሟል። «ሰላም ነው፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለ። አንድ ጊዜ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የመርዶን ልማድ ለማንቋሸሽ እንዳልጻፍኩት ይታወቅልኝ። በዕረፍት ቀናቸው ጥቁር ለብሰው፣ መኪና ውስጥ በብርድ ተቀምጠው የጠበቁት ሰዎች ይህን ያደረጉት እኔን ስለሚወዱ ነው። ሞቼ ቢሆን ኖሮ ትዕግስትን የሚይዙልኝ እነሱ ነበሩ። እኔ ግን ከዚያን ዕለት በኋላ የትዕግስትን ቁጥር አጠናሁ፤ አባቴ ያደርግ እንደነበረው በየማታው አስደገመችኝ። ቦርዶቼና ሸራዎቼ ላይ ሁሉ በወፍራም እስክሪፕቶ ጽፌዋለሁ። ትንሿን ቦርድ ሸጥኩ፣ ትልቁን ይዤ አሁንም እሑድ እሑድ እወጣለሁ። ሁለታችን ደግሞ ቃል ተገባባን፤ የእኔ የሆነ ነገር መጀመሪያ ለእሷ፣ የእሷ የሆነ መጀመሪያ ለእኔ። በስልክም ቢሆን፣ ብቻችንንም ቢሆን። እናንተስ፣ አብራችሁ የምትኖሩትን ሰው ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ?

ከሁለት ዓመት በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ፍሪጅ ከፍቼ ተንበርክኬ እየሠራሁ ስልኬ ጠራ። ትዕግስት ናት። የት እንደምሠራ ታውቃለች፣ ግን ሥራ ላይ አትደውልልኝም።

«ብርሃኑ፣ ቁጭ ብለሃል?» አለችኝ።

«ተንበርክኬያለሁ።»

«አባትህ አረፉ። እህትህ ቅድም ነው የነገረችኝ። ለጋሽ ገበየሁም ለማንም አልነገርኩም። መጀመሪያ ለአንተ ነው።»

ስልኩን አልዘጋችውም፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። በእጄ የያዝኩትን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና ወደ ውጭ ለመውጣት ዞርኩ። በግሮሰሪው መስታወት በኩል መኪና ማቆሚያው ይታያል። የእኛ መኪና በሩ ፊት ለፊት፣ ምንም ሳይከልላት ቆማለች። ትዕግስት አጠገቧ ቆማለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ነጠላዋን ክንዷ ላይ አጥፋ።